ለአንድ ሴሚስተር አውሮፓ ሄዶ መማር፦ ስለ ተማሪ ልውውጥ ጥያቄና መልስ

ከኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲዎች ኢራስመስ ፕላስ በሚባለው የአውሮፓ ኅብረት የልውውጥ ፕሮግራም ወደ አውሮፓ ለመሄድ ከሚያስቡ ተማሪዎችና ወላጆች የመጡ ጥያቄዎች ከነመልሳቸው እነሆ። ልውውጥ ስንል ተማሪው እዚሁ እንደተመዘገበ ከ2 እስከ 12 ወር ውጭ ተምሮ፣ ተመልሶ ዲግሪውን ከራሱ ዩኒቨርሲቲ የሚይዝበትን ነው። ብዙ ሰው የሚያስጨንቀው ቪዛውና ገንዘቡ ነው። ተማሪን ዓመት የሚያስበላው ግን አብዛኛውን ጊዜ ማንም ሳይጠይቅ የሚያልፈው የኮርስ ስምምነት ስለሆነ እሱ ላይ ረዘም ብሏል።

ጥያቄ፦ የ3ኛ ዓመት የኬሚስትሪ ተማሪ ነኝ። ኢራስመስ ላይ በግሌ ማመልከት እችላለሁ? ድረ ገጻቸው ላይ የማመልከቻ ቅጽ ፈልጌ አጣሁ።

መልስ፦ ቅጹን ያጣኸው ስለሌለ ነው። ገንዘቡን የሚጠይቁት ዩኒቨርሲቲዎቹ ናቸው። አንድ የአውሮፓ ዩኒቨርሲቲ ካንተ ዩኒቨርሲቲ ጋር ተስማምቶ በአገሩ ላለው የኢራስመስ ኤጀንሲ ያመለክታል፤ ሲፈቀድለት ለስንት ተማሪ፣ ለየትኛው የትምህርት መስክና እርከን እንደሆነ ይታወቃል። ስለዚህ መጀመሪያ የምትሄደው ወደ ዩኒቨርሲቲህ የዓለም አቀፍ ግንኙነት ቢሮ ነው። «ስኮላርሺፕ አለ?» ካልካቸው «የለም» ይሉሃል። ይልቅ እንዲህ ጠይቅ፦ ዘንድሮ በጀት የተፈቀደለት የተማሪ ልውውጥ ከየትኛው ዩኒቨርሲቲ ጋር አለ? የእኔን ትምህርት ክፍል ያካትታል? ለመጀመሪያ ዲግሪ ነው ወይስ ለማስተርስና ለፒኤችዲ ብቻ? በጀት መኖሩን መጠየቅህ አስፈላጊ ነው፤ በየቢሮው ከተፈረሙት የመግባቢያ ሰነዶች ውስጥ ገንዘብ የሌላቸው ብዙ ናቸውና።

ኢራስመስ ሙንዱስ ሌላ ነው። እሱ ሙሉ የማስተርስ ፕሮግራም ነው፣ በግልህ ታመለክታለህ፣ ለተመረጠ ተማሪ በወር 1,400 ዩሮ ይከፍላል። ሁለቱን አታምታታ።

ጥያቄ፦ በልውውጡ በወር ስንት ይሰጣሉ? ይበቃል?

መልስ፦ እንደ አገሩ የኑሮ ውድነት በወር ከ800 እስከ 900 ዩሮ ነው። የጉዞ ገንዘብ በርቀት ተሰልቶ ለብቻው ይሰጣል። ተቀባዩ ዩኒቨርሲቲ የትምህርት፣ የምዝገባ፣ የፈተና፣ የቤተ ሙከራና የቤተ መጻሕፍት ክፍያ መጠየቅ አይፈቀድለትም፤ የአገሩ ተማሪዎች የሚከፍሏትን ዓይነት የተማሪዎች ማኅበር ወይም የመድን መዋጮ ግን ሊጠይቅ ይችላል። የአካል ጉዳት ወይም የኢኮኖሚ ችግር ላለበት ተማሪ በወር የ250 ዩሮ ተጨማሪ ድጋፍ አለ፤ መስፈርቱን የሚያወጣው ተቀባዩ አገር ስለሆነ ገና ሲመርጡሽ ጠይቂ፣ ሳትጠይቂ የሚነግርሽ ላይኖር ይችላል።

መብቃት አለመብቃቱን የሚወስነው የቤት ኪራይ ነው። የዩኒቨርሲቲ ዶርም ካገኘሽ ይበቃል፤ በትልልቅ ከተሞች የግል ክፍል ከተከራየሽ ግን ግማሹ ወይም ከዚያ በላይ እዚያው ያልቃል።

ትልቁ ችግር የመጀመሪያው ወር ነው። ስለ ገንዘቡ የምትፈርሚው ውል ላይ የመጀመሪያው ክፍያ ሁለቱም ወገን ከፈረመ በ30 ቀን ውስጥ ወይም መድረስሽ ሲረጋገጥ ይከፈላል ይላል። ክፍያው ወደ አውሮፓ ባንክ ሒሳብ የሚገባ ከሆነ ደግሞ ሒሳቡን ለመክፈት አድራሻ ይጠየቃል፤ አድራሻ እንዲኖርሽ ቤት፣ ለቤቱም ማስያዣ ያስፈልጋል። ስለዚህ የአንድ ወር ወጪና የቤት ማስያዣ የሚሆን ገንዘብ ይዞ መውጣት ግድ ነው። ማስያዣው በጀርመን እስከ ሦስት ወር ኪራይ ሊደርስ ይችላል። ተቀባዩ ዩኒቨርሲቲ የጉዞውን ገንዘብ ወይም ቲኬቱን ከመነሳትሽ በፊት መስጠት ይችል እንደሆነ በኢሜይል ጠይቂና መልሱን በጽሑፍ ያዢ።

ጥያቄ፦ ከእኛ በፊት የሄዱ ልጆች ሲመለሱ ኮርሳቸው አልተያዘላቸውም፣ አንድ ዓመት ወደ ኋላ ቀሩ ይባላል። እውነት ነው? ሲቪል ምህንድስና ነኝ።

መልስ፦ ወረቀቱ ሳያልቅ ከተሄደ እውነት ይሆናል፤ ያሳዝናልም፣ ምክንያቱም ሙሉ በሙሉ ማስቀረት ይቻላል።

ለርኒንግ አግሪመንት የሚባለው የኮርስ ስምምነት ሰነድ ሁለት ዋና ሠንጠረዦች አሉት። ሠንጠረዥ ኤ ላይ እዚያ የምትወስዳቸው ኮርሶች ይዘረዘራሉ፣ ሠንጠረዥ ቢ ላይ ደግሞ እነሱ እዚህ የሚተኩልህ ኮርሶች። አንተ፣ የራስህ ዩኒቨርሲቲና ተቀባዩ ዩኒቨርሲቲ ትፈርሙበታላችሁ፣ ያውም ከመነሳትህ በፊት። ተማሪዎች ሠንጠረዥ ኤን በጥንቃቄ ይሞሉና ሠንጠረዥ ቢን ባዶ ወይም በደፈናው «ተመጣጣኝ ኮርሶች» ብለው ይተዉታል። ችግሩ የሚጀምረው እዚያ ነው።

አካሄዱ እንዲህ ነው። ከሬጅስትራር በምትቀርበት ሴሚስተር ባችህ የሚወስዳቸውን ኮርሶች ከነኮዳቸውና ከነክሬዲታቸው አውጣ። ከተቀባዩ ዩኒቨርሲቲ የኮርስ ካታሎግ የእያንዳንዱን ኮርስ ዝርዝር አውርድ፤ ርዕሶቹ፣ ሰዓቱ፣ የማስተማሪያ ቋንቋውና በየትኛው ሴሚስተር እንደሚሰጥ መታየት አለበት። ሁለቱን ጎን ለጎን አድርገህ ለትምህርት ክፍል ኃላፊው አቅርብና ጉዳዩ በትምህርት ክፍሉ ጉባኤ፣ በዲሲ፣ እንዲታይ ጠይቅ። ቃለ ጉባኤው ላይ «ይህ ኮርስ ይህንን ይተካል» ተብሎ በኮድ ይጻፍ። ከዚያ ደብዳቤ ለሬጅስትራር ይሂድ፣ ማኅተም ያለበት ግልባጭ አንተ ጋ ይቅር። ቃለ ጉባኤ የግድ የሚሆነው ኃላፊ ስለሚቀያየር ነው፤ ስትመለስ ወንበሩ ላይ የምታገኘው ሰው የቀድሞው በቃል ያለህን የሚያውቅበት መንገድ የለውም።

በቁጥር ደረጃ፣ የአውሮፓ ሙሉ ዓመት 60 ኢሲቲኤስ (የአውሮፓ የክሬዲት መለኪያ)፣ አንድ ሴሚስተር 30 ነው። እኛ ጋ የ3 ክሬዲት ሰዓት ኮርስ በአብዛኛው የኮርስ ዝርዝር ላይ 5 ኢሲቲኤስ ተብሎ ይቀመጣል፤ ስለዚህ 18 ክሬዲት ሰዓት 30 ኢሲቲኤስ ያህል ይሆናል። ጣሊያን ኮርሶቹ ብዙ ጊዜ 6፣ 9 ወይም 12 ስለሆኑ አንድ ለአንድ አይገጥሙም። ግድ የለም፣ አንድ ትልቅ ኮርስ እዚህ ያሉ ሁለት ትናንሾችን እንዲተካ ዲሲው መወሰን ይችላል።

ምህንድስና ላይ ከሁሉ በላይ የሚያስፈራው ፕሪሪኩዚት ነው። በሚቀጥለው ዓመት የሌላ ኮርስ መግቢያ የሆነ ኮርስ ምትክ ካልተገኘለት፣ እሱ ብቻውን ከባችህ ሊያስቀርህ ይችላል፤ ኮርሱ በዓመት አንዴ ብቻ ነው የሚሰጠውና። ስለዚህ መጀመሪያ እነዚህን ፈልገህ ምትክ አግኝላቸው፣ የምርጫ ኮርሶቹን (ኢሌክቲቮቹን) በመጨረሻ አስገባ። ምትክ የጠፋለትን ኮርስ መቼና ከየትኛው ባች ጋር እንደምትወስደው ቃለ ጉባኤው ላይ አጽፍ። የባችህን የኢንተርንሺፕ ሴሚስተር ለልውውጥ መጠቀምም ይቻላል፤ ኢራስመስ ፕላስ የሥራ ልምምድንም ይሸፍናልና፣ ስምምነቱ ውስጥ መካተቱን አረጋግጥ።

እዚያ ስትደርስ ደግሞ አንዱ ኮርስ ሞልቶ፣ ሁለቱ ሰዓታቸው ተጋጭቶ ወይም «በእንግሊዝኛ» የተባለው በአገሩ ቋንቋ ሆኖ ልታገኘው ትችላለህ። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ለውጡን ለርኒንግ አግሪመንቱ ላይ አድርግ፣ ሦስቱም ወገን እንደገና ይፈርሙ። ከመምህር ጋር በቴሌግራም መስማማት ለሬጅስትራር ምንም ማለት አይደለም።

ጥያቄ፦ ውጤቱስ? ጀርመን 1.7 ያመጣ ሰው እዚህ ምን ይጻፍለታል?

መልስ፦ ጀርመን ከፍተኛው 1.0፣ ዝቅተኛው ማለፊያ 4.0 ነው፤ 1.7 ጥሩ ውጤት ነው። ከ4.00 ለሚያሰላ ሬጅስትራር ግን ሲያየው የወደቀ ይመስላል። ጣሊያን ከ30 ነው የሚታረመው፣ ማለፊያው 18፤ ፈረንሳይ ከ20። ትራንስክሪፕትሽ ላይ የውጤት አሰጣጡ መግለጫ መያያዙን አረጋግጪ። ወደ እኛ ሌተር ግሬድ የሚቀየርበትን መንገድም፣ ወይም «አልፏል» ብቻ ተብሎ ይያዝ እንደሆነ፣ ዲሲው አስቀድሞ ይወስን። ከተመለሱ በኋላ ስለ ውጤት መደራደር ያስቸግራል።

ጥያቄ፦ ተመራቂ ነኝ። የመጨረሻው ሴሚስተር ላይ ልሂድ?

መልስ፦ አልመክርህም። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ለመመረቅ የመውጫ ፈተናውን 50 በመቶና ከዚያ በላይ ማምጣት ግድ ነው። የአውሮፓው ሁለተኛ ሴሚስተር እስከ ሰኔና ሐምሌ ስለሚዘልቅ ከፈተናው ጋር ሊጋጭብህ ይችላል። አንድ ዓመት ቀደም ብለህ ሂድ።

ጥያቄ፦ ቅጾች ላይ የቤተሰብ ስም ሲሉ የአባቴን ነው ወይስ የአያቴን?

መልስ፦ ፓስፖርትሽ የሚለውን። የፎቶው ገጽ ግርጌ ላይ ያሉትን ሁለት መስመሮች ተመልከቺ፤ በላይኛው መስመር ከአገር ኮዱ ቀጥሎ፣ ሁለቱ ተከታታይ የማዕዘን ምልክቶች (<<) ከመድረሳቸው በፊት ያለው የቤተሰብ ስም ነው፤ ከእነሱ በኋላ ያለው የራስሽ ስም ተብሎ ይያዛል። በሁሉም ሰነድ ላይ እንደዚያው፣ ፊደል በፊደል ጻፊ። ትራንስክሪፕትሽ ላይ ስምሽ በላቲን ፊደል አንድ ሆሄ እንኳ ከተለየ ከማመልከትሽ በፊት ሬጅስትራርን አስተካክሉልኝ በዪ።

የልደት ቀንም ያው ነው። የካቲት 1995 የተወለደ ሰው በአውሮፓ አቆጣጠር 2003 ነው፤ ኅዳር 1995 የተወለደ ግን 2002። ሁሌ 7 ወይም ሁሌ 8 እየደመሩ የሞሉ ሰዎች ሁለት የተለያየ የልደት ዓመት ይዘው ኤምባሲ ይቀርባሉ።

ጥያቄ፦ ቪዛው ላይ በብዛት የሚያስቸግረው ምንድን ነው?

መልስ፦ ጊዜና የቀኖች አለመግጠም። ከ90 ቀን በላይ የምትቆይ ከሆነ የሚያስፈልግህ የዲ ዓይነት ብሔራዊ ቪዛ ነው። ወራት ሊወስድ ስለሚችል የመቀበያ ደብዳቤው በደረሰህ ዕለት ቀጠሮ ያዝ። የምትሄድበት አገር አዲስ አበባ ላይ ቪዛ የማይሰጥ ከሆነ ፋይልህ ሌላ አገር ሊሄድ፣ አንተም ልትሄድ ትችላለህ፤ ይህንን ዩኒቨርሲቲ ስትመርጥ ነው ማጣራት ያለብህ።

ፓስፖርቱ ከቆይታህ ማብቂያ በኋላ ቢያንስ 3 ወር የሚያገለግልና ሁለት ባዶ ገጽ ያለው ይሁን። የጤና መድኑ ቢያንስ 30,000 ዩሮ ይሸፍን። መድኑ የሚጀምረው ከምትጓዝበት ቀን ነው፤ ትምህርት ከሚጀመርበት ቀን ካስጀመርከው በመካከል ያሉት ቀናት ያለ ሽፋን ይቀሩና ያንን አይተው ይመልሱሃል። የመቀበያ ደብዳቤው፣ የገንዘብ ድጋፍ ደብዳቤውና የቤቱ ውል ቀኖችም እርስ በርስ ይስማሙ። ድጋፍ ደብዳቤው የወር መጠኑንና የወራቱን ብዛት በቁጥር የማይገልጽ ከሆነ እንደገና አስጽፍ።

ጥያቄ፦ አክስቴ ጀርመን ናት። እሷ ጋ ብኖር ገንዘቡን ይቀንሱብኛል?

መልስ፦ አይቀንሱም፣ ገንዘቡ የተተመነው በአገር ነው። ግን ቤት በገባሽ በሁለት ሳምንት ውስጥ በከተማው አስተዳደር መመዝገብ አለብሽ፣ ለዚያም ቤት የሰጠሽ ሰው የሚፈርመው ማረጋገጫ ያስፈልጋል። አክስትሽ ተከራይ ከሆነች ካከራያት ጋር አስቀድማ ትነጋገር። በጀርመን የተማሪ የጤና መድን በወር ከ100 ዩሮ በላይ እንደሚወስድም አስቢ።

ጥያቄ፦ ልጄ ተመርጣለች። ስትመለስ እዚህ ቦታዋን እንዳታጣ እሰጋለሁ።

መልስ፦ እንኳን ደስ አለዎት። ቦታዋን ልታጣ የምትችለው ስትሄድ ዊዝድሮዋል (የትምህርት ማቋረጫ ቅጽ) ከሞላች ወይም ሳታሳውቅ ከቀረች ነው። «በልውውጥ ላይ ያለች ተማሪ» ተብላ ለሚመለከተው ሴሚስተር እንድትመዘገብ የኮሌጁ ደብዳቤ ለሬጅስትራር ይድረስ። ዶርሟንም በክሊራንስ ታስረክብና ለምትመለስበት ሴሚስተር እንዲያዝላት በጽሑፍ ትጠይቅ። የወጪ መጋራቱ ለዚያ ጊዜ እንዴት እንደሚታሰብ አብራ ታጣራ።

ጥያቄ፦ ጎን ለጎን መሥራት ይቻላል? ማራዘምስ?

መልስ፦ ሥራ እንደ አገሩ ነው፦ ጣሊያን በሳምንት 20 ሰዓት፣ ፈረንሳይ በዓመት 964 ሰዓት፣ ጀርመን በዓመት 140 ሙሉ ቀን። 30 ኢሲቲኤስ እየወሰዱ ግን ይከብዳል። ለማራዘም ቆይታው ከማለቁ ቢያንስ አንድ ወር በፊት ሁለቱም ዩኒቨርሲቲዎች መስማማት አለባቸው፤ ለተጨማሪው ጊዜ ገንዘብ ላይኖር ይችላል። በአንድ የዲግሪ እርከን ከ12 ወር አይበልጥም።

ጥያቄ፦ እንደደረስኩ እና ከመመለሴ በፊት ምን ላድርግ?

መልስ፦ ስትደርስ የመድረሻ ማረጋገጫህን አስፈርም፣ ክፍያው እሱን ሊጠብቅ ይችላል። ከዚያ የመኖሪያ ፈቃድ፦ ጣሊያን በገባህ በ8 የሥራ ቀን ውስጥ ከፖስታ ቤት ቅጹን ወስደህ፣ የ16 ዩሮ ቴምብር ለጥፈህ ታስገባለህ፤ ደረሰኙን አትጣለው፣ ካርዱ እስኪመጣ መታወቂያህ እሱ ነው። ፈረንሳይ በ3 ወር ውስጥ ቪዛውን በኢንተርኔት ታጸድቃለህ።

ከመመለስህ በፊት የቆይታ ማረጋገጫው ላይ የተጻፉትን የመጀመሪያና የመጨረሻ ቀኖች በዓይንህ እይ። ገንዘቡ በቀን ስለሚሰላ ቀኑ ካጠረ ልዩነቱን መልስ ትባላለህ። ትራንስክሪፕቱ ውጤት ከወጣ በ5 ሳምንት ውስጥ ለዩኒቨርሲቲህ መላክ አለበት። የሚልከውን ሰው ስምና ኢሜይል ይዘህ ውጣ፣ ለራስህም አንድ ቅጂ አስልክ፤ ከደረሰ በኋላ ከቃለ ጉባኤው ግልባጭ ጋር አያይዘህ ራስህ ለሬጅስትራር አስገባና የገቢ ቁጥር ተቀበል።