የሚከራይ ቤት ለመግዛት ላሰቡ ዓይነ አፋር ጠያቂ

በሒሳብ ሠራተኛነት ስድስት ዓመት ካገለገሉ በኋላ ያጠራቀሙትን ገንዘብ አባትዎ ከሚጨምሩልዎ ጋር አድርገው የሚከራይ ቤት ለመግዛትና ሥራዎን ለመልቀቅ እንዳሰቡ፣ ታላቅ ወንድምዎ ግን «አንተ ዓይነ አፋር ነህ፤ ይህ ሥራ ክርክር ለሚችል ሰው ነው» በማለታቸው ሁለት ልብ እንደሆኑ ጽፈውልኛል። የወንድምዎን አስተያየት አልቀበለውም። ወደ ምክር ሥራ ከመግባቴ በፊት ለ11 ዓመታት በቤት ዋጋ ገማችነት ስሠራ፣ ሲከስሩ ያየኋቸው አብዛኞቹ ሰዎች አንደበታቸውን ተማምነው ገበያውን ሳይቆጥሩ የገዙ ነበሩ።

ለድርድር የሚያስፈልግዎ ቁጥር ነው። አከራዮች የሚጠሩት ኪራይ ምኞታቸውን ብቻ ስለሚያሳይ፣ ሊገዙት ያሰቡትን ቤት የሚመስሉ 15 ወይም 20 የኪራይ ማስታወቂያዎች መዝግበው ለሦስት ወራት በየሳምንቱ ይከታተሉ፤ እያንዳንዱ ቤት ስንት ቀን ባዶ እንደቆየ፣ የትኛው ዋጋ ቀንሶ ተመልሶ እንደወጣ፣ ተከራዩ በመጨረሻ በስንት እንደተስማማ ደላላውንም ጎረቤቱንም ይጠይቁ። ማስታወቂያው ስለተነሳ ብቻ ቤቱ ተከራይቷል ብለው አይመዝግቡ። ተከራዮቹ የሚሠሩበትንም ይወቁ፤ አብዛኞቹ የአንድ ፋብሪካ ሰዎች ከሆኑ፣ ፋብሪካው ሠራተኛ በቀነሰ ጊዜ ሰፈሩ በሙሉ ተከራይ ያጣል። በአካባቢው በመሠራት ላይ ያሉ ሕንፃዎችም በመዝገብዎ ይግቡ፤ ዛሬ የሚታየው የቤት እጥረት እነርሱ ሲያልቁ ሊቃለል ይችላል።

ይህን መዝገብ ይዞ የሚቀርብ ገዢ ድምፁን ከፍ ማድረግ አያስፈልገውም። ሻጩ ቤቱ በወር 100 ያስገባል ቢልዎ፣ ለጥገና፣ ለንብረት ግብርና ለመድን 40 ቢወጣ፣ በእጅ የሚቀረው 60 ነው። መዝገብዎ እውነተኛው ኪራይ 90 መሆኑን ካሳየ ወጪው ባለበት ስለሚቆይ የሚቀረው 50 ብቻ ይሆናል፤ ኪራዩ በ10 በመቶ ሲያንስ የተጣራው ገቢ በ17 በመቶ ገደማ ይወርዳል ማለት ነው። በከፈሉት ገንዘብ ልክ መጀመሪያ ያሰቡትን ያህል ለማግኘት የቤቱ ዋጋም በአንድ ስድስተኛ መቀነስ አለበት። ስሌቱን በወረቀት ያሳዩና መልሱን በዝምታ ይጠብቁ፤ ዝምታ ደግሞ ለእርስዎ አይከብድዎትም። ሊከፍሉ የሚችሉትን የመጨረሻ ዋጋ ከቤትዎ ሳይወጡ ይጻፉት፤ ሌሎች ሁለት ቤቶችንም ጎን ለጎን ይዩ፤ ያን ጊዜ ትቶ መሄድ ይቀልዎታል።

ከተከራይ ጋር ሲደራደሩም ያው መዝገብ ያገለግልዎታል። ደኅና ተከራይ 5 በመቶ ቅናሽ ሲጠይቅ ብዙ አከራዮች እንደ ሽንፈት ቆጥረው ይመልሱታል። ይህ ቅናሽ በዓመት የ18 ቀን ኪራይ ያህል ነው፤ ቤቱ አንድ ወር ባዶ ቢቀመጥ ግን ከዓመቱ ገቢ ከ8 በመቶ በላይ ይታጣል። ቅናሹን ሲሰጡ በምትኩ የሁለት ዓመት ውል ይጠይቁ፣ አነስተኛ ጥገናዎችን ማን እንደሚሸፍንም በውሉ ያስጽፉ።

አባትዎ ቤቱ ከእርሳቸው አጠገብ ካልሆነ ገንዘቡን እንደማይሰጡ ጽፈዋል። በግልጽ ልንገርዎ፤ ተከራይ ቤት የሚመርጠው ለራሱ ሥራና ለልጆቹ ትምህርት ቤት እንዲቀርበው ነው፤ የአባትዎ ምርጫ አያገባውም። መዝገቡ ያንን ሰፈር ካልደገፈው፣ ገንዘቡን በአክብሮት ይመልሱና በራስዎ አቅም አነስ ያለ ቤት ይፈልጉ። ከተቀበሉም ብድር፣ ስጦታ ወይም ድርሻ መሆኑ በጽሑፍ ይቀመጥ።

ደመወዝዎን አሁን አይልቀቁ፤ አንድ ቤት ባዶ ሲሆን ገቢዎ በሙሉ ባዶ ይሆናል። ስለ ተጨማሪ ዲግሪ ለጠየቁት፣ አያስፈልግዎትም እላለሁ፤ ይልቅ ቅዳሜ ቅዳሜ ልምድ ካለው ገማች ጋር ለአንድ ዓመት እየዞሩ ቤት ይዩ።