ቁርጡ እስኪታወቅ እንቅልፍ ያጣችው ሊቀመንበር

ጥያቄ፦

እትዬ፣ ጤና ይስጥልኝ። የምጽፍልዎት ከደብረ ብርሃን ወጣ ብሎ ካለ የገጠር ቀበሌ ነው። የገበሬዎች ኅብረት ሥራ ማህበራችን ሊቀመንበር ከሆንኩ ገና ዓመት አልሞላኝም። ዕድሜዬ 34 ነው። አብዛኞቻችን የብቅል ገብስ እንዘራለን። አሁን እሸት ላይ ነው፤ የምናጭደው ኅዳር ውስጥ ነው።

ሰሞኑን አንድ ነጋዴ መጣና "ምርታችሁን በሙሉ በዚህ ዋጋ ለእኔ ለመስጠት ፈርሙ። እስከ ወሩ መጨረሻ ካልፈረማችሁ ሌላ ቦታ እሄዳለሁ" አለን። ዋጋው መጥፎ አይደለም። ግን የኅብረት ሥራ ማህበራቱ ዩኒየን ዘንድሮ ስንት እንደሚከፍል ገና አልተነገረንም። ደግሞ ውርጭ ቢመታንስ? ቃል የገባነውን ኩንታል ከየት አምጥተን እንሞላለን? ባንፈርምና ዋጋው ቢወርድስ?

ከዚያ ቀን ወዲህ እንቅልፍ የለኝም። ሌሊት ወጥቼ ሰማዩን አያለሁ። ደመና ከሌለ ውርጭ ሊጥል ነው ብዬ ሆዴ ይታመሳል። ገበያ ስወጣ እናቶች "ልጄ፣ ምን ተሰማ?" እያሉ ይከቡኛል። ዝም ካልኩ የደበቅኩ ይመስላቸዋል። ባለፈው የኮሚቴ ስብሰባ ጸሐፊያችን "እስቲ ትንሽ እንቆይ" ሲል ደሜ ፈላ፤ ጮህኩበት። የሚገርመው ከጮህኩ በኋላ ቀለል አለኝ። "በቃ እንፈርም" የሚል ቁርጥ ሐሳብ መጣልኝ። ማኅተሙ በእጃችን ቢሆን ኖሮ ያኔውኑ አልቆ ነበር።

ከእኔ በፊት የነበሩት ሊቀመንበር ሰማይ ቢደፋ ፊታቸው አይለወጥም ነበር። ሰዉ "መሪ ማለት እንደሳቸው ነው" ይላል። ባለቤቴም "ተፈጥሮሽ ለዚህ አይሆንም፣ ልቀቂው" ይለኛል። እውነት እንደኔ ያለ ሆደ ቡቡ ሰው መምራት አይችልም?

የጨነቃት እህትዎ

መልስ፦

እህቴ፣ ከባለቤትሽ ቃል ልጀምር፤ ምክንያቱም አልስማማበትም። ተፈጥሮሽ ቶሎ የሚጨነቅ ሊሆን ይችላል። ሰው በዚህ ይለያያል። ከዚያ ተነስቶ "መምራት አትችይም" ማለት ግን ሌላ ነገር ነው።

ያልታወቀ ነገር የሚያስጨንቀው አንቺን ብቻ እንዳይመስልሽ። በ2016 እ.ኤ.አ. የለንደን ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ተመራማሪዎች ያሳተሙት አንድ ጥናት አለ። ፈቃደኛ ሰዎች በኮምፒውተር ጨዋታ ላይ ድንጋይ ይገለብጣሉ። ከሥሩ እባብ ከተገኘ እጃቸውን የሚያም የኤሌክትሪክ ንዝረት ይደርስባቸዋል። ንዝረቱ እንደማይቀርላቸው ያወቁት ሰዎች፣ ይምጣ አይምጣ ካላወቁት ያነሰ ተጨንቀው ተገኙ። ጭንቀቱ ጣሪያ የነካው ዕድሉ እኩል በእኩል ሲሆን ነበር። አንቺም ዩኒየኑ ትንሽ እንደሚከፍል ቁርጡን ብታውቂ ታዝኚ ነበር፤ ሌሊት ግን ሰማይ ስታዪ አታድሪም ነበር።

እኔን የሚያሳስበኝ ቀጥሎ የሚመጣው ነው። ሰው "ቁርጡን አውቄ ልረፍ" ማለት ሲጀምር የመጣለት ቁርጥ ሁሉ ጥሩ ይመስለዋል። ፊርማው ሆድሽን ያሳርፈው ይሆናል። ውሉ ላይ የተጻፈው ኩንታል ግን ኅዳር ላይ እዚያው ይጠብቅሻል። ነጋዴዎች ይህን በደንብ ያውቁታል። ቀን የሚቆርጡብን አንዱ ምክንያት ይኸው ነው።

ደብዳቤሽን ሳነብ የደነገጥኩት "ከጮህኩ በኋላ ቀለል አለኝ" ያልሽው ላይ ነው። ጄኒፈር ለርነር እና ዳከር ኬልትነር የተባሉ ሁለት የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች በ2001 እ.ኤ.አ. ባወጡት ጥናት፣ የፈሩ ሰዎች አደጋን አግዝፈው ሲያዩ የተቆጡት ደግሞ አሳንሰው እንደሚያዩት አሳይተዋል። ስብሰባው ላይ የሆነው ይህ ይመስለኛል። ጸሐፊው ላይ ስትጮሂ ስለ ገብሱም ስለ ዋጋውም አዲስ የሰማሽው ነገር የለም። ፍርሃትሽ ወደ ቁጣ ዞረና ውርጩ ትንሽ ሆኖ ታየሽ። ድፍረት የመሰለሽ እሱ ነው። ስለዚህ በተጣላሽበት ቀን ማኅተም አይነካ። ይህን ለኮሚቴው በሙሉ ደንብ አድርጉት፤ አንቺ ላይ ብቻ የተጣለ እንዳይመስል። ጸሐፊውንም አነጋግሪው። አንቺ ስትቸኩዪ "እንቆይ" የሚል ሰው አጠገብሽ መኖሩ ትልቅ ነገር ነው።

ስለ ቀድሞው ሊቀመንበር አልፈርድም፤ አላውቃቸውም። ፊቱ የማይለወጥ ሰው ግን ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ ነገሩን እስከ ጥጉ አይቶ፣ ጭንቀቱን ችሎ የሚቀመጥ ነው። ሌላው ጭራሽ ያላየ ነው። ከውጭ ሲታዩ አንድ ናቸው። አንቺ ቢያንስ "ውርጭ ቢመታንስ?" ብለሻል። ሳይጠይቅ በተረጋጋ ሰው እጅ ከሚወድቅ፣ ይህ ውል ባንቺ እጅ ቢሆን እመርጣለሁ።

ከእናንተ ወደ ሰሜን፣ መንዝ ውስጥ ጓሳ አለ። ያገሩ ሰው ለዘመናት በራሱ ሥርዓት ሲጠብቀው የኖረ መሬት ነው። በዚያ ሥርዓት ሣሩ ከ3 እስከ 5 ዓመት ድረስ ተከልክሎ ይቆይ ነበር። የሚከፈትበት ቀን አስቀድሞ አይቆረጥም፤ የሚታየው የሣሩ መድረስ ነበር። የጠባቂዎቹን አለቃ አስቢው። ጎረቤቱ ጣሪያ የሚከድንበት ሣር ይፈልጋል፣ ከብትም አለው። "መቼ ነው?" ሲሉት "ገና ነው" ይላል። ቀን አይፈጥርላቸውም። የሚጠብቁት ነገር ምን እንደሆነ ግን ሁሉም ያውቁታል።

ገበያ ላይ ለሚከቡሽ እናቶች የሚያስፈልጋቸውም ይኸው ነው። "አይዟችሁ፣ ጥሩ ይሆናል" አትበያቸው፤ አታውቂማ። "ነጋዴው ያቀረበው ዋጋ ይህ ነው። የዩኒየኑ ገና አልታወቀም። እሑድ ተሰብስበን እንነጋገራለን" በያቸው። ፊትሽ ላይ ጭንቀት ቢያዩም ያወቅሽውን እንዳልደበቅሽ ያያሉ።

ደግሞ ይህን ሁሉ ብቻሽን የተሸከምሽው ለምንድን ነው? የማህበሩ የበላይ አካል ጠቅላላ ጉባኤው ነው። አባላቱን ጥሪ። ከዚያ በፊት ዩኒየኑን ዋጋው መቼ እንደሚታወቅ በደብዳቤ ጠይቂ። ነጋዴውንም "ምርቱን በሙሉ" ያለውን ወደ ግማሽ ያወርደው እንደሆነ፣ ውርጭ ቢመታ ውሉ ምን እንደሚል ጠይቂው። ውሉን ከመፈረማችሁ በፊት የወረዳው የኅብረት ሥራ ባለሙያ ያንብበው። ከነዚህ መልሶች ግማሹ እንኳ ቢመጣ፣ የቀረውን ሳታውቂ መወሰን ትችያለሽ። ሁሉ ነገር እስኪታወቅ የሚጠብቅ መሪም ማህበሩን ይጎዳል።

ስለ መልቀቁ ደግሞ፣ ባሁኑ ሁኔታሽ አትወስኚው። እሱም እንደ ፊርማው ከጭንቅ መገላገያ ሆኖ እንዳይታይሽ እፈራለሁ። ገብሱ ይታጨድ፣ ተወቅቶ ይሸጥ፣ ሒሳቡም ለአባላቱ ይነገር። ጥር ላይ አሁንም "ልልቀቅ" ካልሽ ጻፊልኝ፤ ያኔ በደንብ እንነጋገርበታለን።