ቼክ ቫልቩ ይቅደም ወይስ ጌት ቫልቩ?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። የምንኖረው አዲስ አበባ፣ ጂ ፕላስ 4 ሕንፃ ላይ ነው። ውሃ በፈረቃ ስለሚመጣ ምድር ላይ በሮቶ እናጠራቅምና በሁለት ፓምፕ ጣሪያ ላይ ወዳለው ሮቶ እንገፋዋለን። ሰሞኑን አንዱ ፓምፕ ሲሠራ የቆመው ወደ ኋላ ይዞራል፣ የላይኛው ሮቶም ቶሎ አይሞላም። ቧንቧ ሠራተኛው ቼክ ቫልቩ (ውሃው ወደ ኋላ እንዳይመለስ የሚያግደው) ሞቷል አለን። ለመቀየር ግን ሁለቱንም ፓምፕ አቁመን ቧንቧው ውስጥ ያለውን ውሃ ማፍሰስ አለብን ይላል። እውነት ነው? ደግሞ ፓምፑ ስለሚጮህ የመሳቢያውን ቫልቭ ግማሽ ብንዘጋው ይሻላል?

መልስ፦ ሠራተኛዎ እውነቱን ነው፤ ጥፋቱ ያለው መጀመሪያ ሲገጠም ነው። እስቲ ወርደው ከፓምፑ አፍ ተነስተው ቧንቧውን ይከተሉት። ጌት ቫልቩን (በእጅ የሚዘጋና የሚከፈተውን) ቀድመው ካገኙት፣ ቼክ ቫልቩንም (አካሉ ላይ ቀስት ያለበትን) ከሱ በኋላ ካዩት፣ ቅደም ተከተሉ ተገልብጧል ማለት ነው። ጌቱን ሲዘጉ ፓምፑን እንጂ ቼክ ቫልቩን ከውሃው አይለዩትም፣ ስለዚህ እሱን ለመፍታት ሁለቱም ፓምፖች ቆመው የቧንቧው ውሃ መፍሰስ አለበት። ትክክለኛው አካሄድ ፓምፕ፣ ዩኒየን (ቧንቧው ሳይቆረጥ የሚፈታ መገጣጠሚያ)፣ ቼክ ቫልቭ፣ ከዚያ ጌት ቫልቭ፣ በመጨረሻ ሁለቱ መስመሮች የሚገናኙበት ቲ (ባለ ሦስት አፍ መገጣጠሚያ) ነው። እንዲህ ከሆነ አንዱን ጌት ዘግተው ፓምፑንም ቼክ ቫልቩንም ያወጣሉ፣ ሌላው ፓምፕ ሥራውን ይቀጥላል።

እስኪስተካከል ድረስ የቆመውን ፓምፕ ጌት ይዝጉት። አሁን የሚገፋው ውሃ በቆመው በኩል ዞሮ ወደ ታች ሮቶ ስለሚመለስ ነው ላይኛው የማይሞላው። ያንን ፓምፕ ከማስነሳትዎ በፊት ግን ጌቱን መክፈት እንዳይረሱ! ተዘግቶ ብዙ ከሠራ ውስጡ ያለው ውሃ ይፈላና «ሜካኒካል ሲል» የሚባለው፣ በዘንጉ በኩል ውሃ እንዳያፈስ የሚያግደው ክፍል ይቃጠላል። ፓምፖቹ አውቶማቲክ ከሆኑ የቆመውን ከነብሬከሩ ያጥፉት።

የመሳቢያውን ቫልቭ ግማሽ መዝጋት? በፍጹም እንዳያደርጉት። ፓምፑ ጠጠር የሚፈጭ የሚመስል ድምፅ ካለው፣ ብዙ ጊዜ ውሃ አንሶት ነው፤ መሳቢያው ላይ ግፊቱ በጣም ሲወርድ ውሃው ውስጥ አረፋ ይፈጠራል፣ አረፋው ሲፈነዳ ደግሞ ኢምፔለሩን (ውስጥ እየዞረ ውሃውን የሚገፋውን ክፍል) ይበላዋል። አዲስ አበባ ላይ ይህ የበለጠ ያሳስባል። በባሕር ጠለል ከፍታ የአየር ግፊት ውሃን ቢበዛ ወደ 10 ሜትር ያነሳል፣ እዚህ ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆንን 8 ሜትር እንኳ አይሞላም፣ ያውም በስሌት፤ በተግባር ከዚያም ያንሳል። መሳቢያው ሁልጊዜ ሙሉ ይከፈት፣ ማጣሪያ ካለው ይታጠብ፣ ቧንቧው ከፓምፑ አፍ እንዳይጠብ። ፍሰት መቀነስ ከፈለጉ በመግፊያው በኩል ባለው ቫልቭ ይቀንሱ።

ቼክ ቫልቩን ሲገዙ ስፕሪንግ ያለውን ይምረጡ፣ ፓምፑ ሲቆም ቧንቧውን ጓ የሚያደርገውን ምት ይቀንስልዎታል። ቀስቱ ከፓምፑ ወደ ውጭ ያመልክት። ሠራተኛው አንዴ ከመጣ የሁለቱንም መስመር ያስተካክልልዎ።