ከኢሞ እስከ አቦል፦ የሳምንቱ ጥያቄዎቻችሁ

የጓደኛዬ አባት አረፉ። ቴሌግራም ላይ «ነፍስ ይማር» ብዬ ጻፍኩለት፣ በቴሌብርም ትንሽ ብር ላክሁ። ከዚያ ወዲህ ቀዝቅዞብኛል። ምን አጠፋሁ?

አልሄድክማ! ብሩም መልእክቱም ክፋት የለውም፤ ግን ለቅሶ ይደረሳል እንጂ አይጻፍም። እኔም አንዴ እናቷ ያረፈችባት ልጅ ጋ እንዲሁ ቀርቼ ከሁለት ወር በኋላ አፍሬ ሄድኩ። ምን እላለሁ እያልኩ መንገዱን ሙሉ ስጨነቅ ነበር፣ ገብቼ ስቀመጥ ግን ምንም ሳልል ልጅቷ ራሷ ስለ እናቷ የመጨረሻ ሳምንት ታወራኝ ጀመር። ሻይው እስኪቀዘቅዝ አላቆመችም። ይሄን በቴሌግራም ማን ይጠይቃል? ሰልስቱ አለፈ ብለህ አትቅር። ደውለህም «ልምጣ ወይ?» አትበል፣ «አትቸገር» ማለቱ አይቀርም።

ሪያድ ነው የምሠራው። ከእናቴ ጋር በየማታው በኢሞ እናወራለን። ሀገር ስገባ ግን በሁለተኛው ቀን ወሬ አለቀብን።

ወሬውማ በኢሞ አልቋል። የጎረቤቱን ሠርግ፣ የጤፉን ዋጋ ሁሉ ሰምተሻል። ደግሞ ፊት ለፊት ተፋጦ ማውራት የቪዲዮ ልማድ ነው፣ ቤት ውስጥ ማን እንደዚያ ያወራል? አጠገቧ ቁጭ ብለሽ ምስር ልቀሚ፣ ሽንኩርት ክተፊ። እጅ ሥራ ሲይዝ አፍ ይፈታል፤ በስልክ የደበቀችሽን ሕመሟንም ያኔ ትሰሚያለሽ። (አንቺም የደበቅሻት ነገር ሳይኖር አይቀርም።)

ልጆቼ ቡና ላይ ቲክቶክ ያያሉ። ስልኩን ልቀማቸው?

አይቀሙ እትዬ። አቦሉን ብቻ ያለ ስልክ ይጠይቋቸው፣ ቶናና በረካ ላይ እንደፈለጉ ይሁኑ። የእርስዎም ስልክ ግን አብሮ ይቀመጥ።

ኢንተርኔት ሰውን ብቸኛ ያደርጋል የሚባለው እውነት ነው?

እንደ ሰዉ ነው። አሜሪካ ፒትስበርግ ውስጥ ኢንተርኔት ገና የገባላቸውን 169 ሰዎች የተከታተሉ ተመራማሪዎች ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ1998 ባሳተሙት ጥናት፣ ብዙ የተጠቀሙት ከቤተሰብ ጋር ማውራት ቀንሰው፣ ብቸኝነታቸውም በትንሹ ጨምሮ ተገኘ። ጋዜጣው ሁሉ ይሄን ይዞ ሮጠ። እ.ኤ.አ. በ2002 ያው ቡድን ተከታዩን ሲያሳትም ግን ክፉው ውጤት በአብዛኛው ጠፍቶ ነበር፤ በሌሎች ሰዎች ላይ ሲሞክሩት ደግሞ ድሮም ተጫዋች የሆነው ይበልጥ ተጠቀመ፣ ዝምተኛው ባሰበት። ዝምተኛ ከሆንክ ቻቱን መቀጣጠሪያ አድርገው፦ «ቅዳሜ 9 ሰዓት፣ ማኪያቶ በእኔ» ብለህ ላክና ስልኩን ኪስህ ክተተው።