ለትንሽ የጊታር አምፕሊፋየር ምትክ ስፒከር ሲመረጥ

ጥያቄው በአጭሩ እንዲህ ነው። እዚሁ ጎንደር ጊታር የሚጫወቱ አንድ አንባቢ ባለ 8 ኢንች፣ 15 ዋት የሆነ ትንሽ አምፕሊፋየር አላቸው። በጥር ወር በአንድ የሰርግ ዳስ ውስጥ እስከ መጨረሻው ተከፍቶ ሲሠራ ካመሸ በኋላ ድምፁ ይሻክር ጀመር፤ ቆይቶም ጨርሶ ጠፋ። ከስፒከሩ ጀርባ የተለጠፈው ወረቀት ስለተላጠ ኦሙ (የኤሌክትሪክ ተቃውሞው መጠን) አይነበብም። ገበያ ወጥተው ያገኙት ሁለት ዓይነት ነው፦ አንዱ «200 ዋት» የሚል የተጻፈበት ባለ 4 ኦም የመኪና ስፒከር፣ ሌላው ከአሮጌ ቴፕ የወጣ ባለ 8 ኦም። ከውጭ አገር የሚመጡ ዘመድ ስላሏቸው ደግሞ ለጊታር የተሠራ ስፒከር ማስመጣት ይችላሉ። «የትኛውን ልግዛ? የመኪናው 200 ዋት ከሆነ የበለጠ አይጮህም ወይ?» ሲሉ ይጠይቃሉ፤ በዚሁ አምፕሊፋየር ክራር የሚጫወት ጓደኛቸውም እንደሚጠቀምበት ጨምረው ጽፈዋል።

መልሱን ከመጨረሻው ልጀምር። የመኪናውን አይግዙ፤ ለጊታር የተሠራውን ያስመጡ። የቴፑ ስፒከር ርካሽ ከሆነ ግን ለመሞከሪያ ይጠቅምዎታልና ቢይዙት አይከፋም። ይሁን እንጂ አንድም ብር ከማውጣትዎ በፊት ሁለት ነገር መረጋገጥ አለበት፦ ስፒከሩ በእርግጥ መሞቱና አምፕሊፋየሩ ራሱ ገዳዩ አለመሆኑ።

አምፕሊፋየሩን ከሶኬት ነቅለው ጥቂት ደቂቃ ያቆዩት፤ ከዚያም የኋላውን ክዳን በካቻቢቴ ይፍቱና ወደ ስፒከሩ የሚሄዱትን ሁለት ሽቦዎች፣ የትኛው ከየትኛው ጫፍ ላይ እንደነበር ምልክት አድርገው፣ ያላቅቁ። ቴስተሩን (የኤሌክትሪክ መለኪያውን) 200 ኦም ላይ አድርገው የስፒከሩን ሁለት ጫፎች ይለኩ። ቴስተር የሚያሳየው በስፒከሩ ውስጥ ያለውን የመዳብ ጥቅልል ተቃውሞ ብቻ ስለሆነ፣ ንባቡ ስፒከሩ ላይ ከሚጻፈው ኦም ምንጊዜም ዝቅ ይላል፤ ከ3 እስከ 3.7 ካሳየ ስፒከሩ ባለ 4 ኦም ነው፣ ከ6 እስከ 7 ካሳየ ባለ 8፣ ከ12 እስከ 14 ካሳየ ባለ 16 ነው። ምንም ንባብ ከሌለ መንገዱ ተቆርጧል ማለት ነው፤ ነገር ግን ለመጣል አይቸኩሉ። ከጫፎቹ ተነሥተው ወደ ስፒከሩ ወረቀት፣ ማለትም ድምፅ ሲያወጣ ወደሚርገበገበው ሾጣጣ ክፍል፣ የሚገቡትን ሁለት የተጎነጎኑ ለስላሳ ሽቦዎች በቅርብ ይመልከቱ። ከወረቀቱ ጋር አብረው ሲወዛወዙ ስለሚኖሩ ብዙ ጊዜ የሚበጠሱት ከሥራቸው ነው፤ መቆረጡ እዚያ ላይ ከሆነም በካውያ ተበይዶ ስፒከሩ ወደ ሥራው ይመለሳል።

ንባቡ ትክክል ሆኖ ድምፁ የሚሻክር ከሆነ፣ ስፒከሩን ፊቱን ወደ ላይ አድርገው በመካከሉ ካለው ጉልላት ግራና ቀኝ ወረቀቱን በሁለት አውራ ጣቶች እኩል እየጫኑ በቀስታ ወደ ታች ይግፉ። ያለ ምንም ፍትጊያ መውረድና መመለስ አለበት። የሚፋቅ ድምፅ ከተሰማ ጥቅልሉ በሙቀት ተበላሽቷል ወይም ከመሐሉ ወጥቷል፤ ለዚህ መጠን ላለው ስፒከር እንደገና ማስጠቅለል የሚያዋጣ አይመስለኝም። ወረቀቱ ብቻ ከተቀደደ ግን በስስ ወረቀትና በጥቂት ነጭ ኮላ ይጠገናል። ኮላው ከበዛ ወረቀቱን ስለሚያከብደው ድምፁን ያፍነዋል።

የእርስዎ ድምፁ መጀመሪያ ሻክሮ በኋላ ጨርሶ ስለጠፋ ጥቅልሉ ሳይቃጠል አልቀረም ብዬ እገምታለሁ። ያን ጊዜ ኦሙን ከሞተው ስፒከር ማወቅ አይቻልም። የአምፕሊፋየሩን ጀርባ፣ በተለይም ለውጭ ስፒከር የተሠራ ቀዳዳ ካለው በአጠገቡ ያለውን ጽሑፍ ያንብቡ፤ ዝቅተኛው የሚፈቀደው ኦም ብዙ ጊዜ እዚያ ይጻፋል። ምንም ካልተገኘ ባለ 8 ኦም ይውሰዱ። በትራንዚስተር ወይም በአይሲ (ብዙ ትራንዚስተሮችን በአንድነት በያዘ ትንሽ ቺፕ) የሚሠራ አምፕሊፋየር ከታሰበለት ከፍ ያለ ኦም ሲገጠምለት ኃይሉ ጥቂት ይቀንሳል እንጂ አይጎዳም፤ ዝቅ ያለ ሲገጠምለት ግን ከአቅሙ በላይ ከረንት ስለሚጠየቅ ይግላል፣ ይቃጠላልም። በትንንሽ አምፕሊፋየሮች ውስጥ የተለመደውን ቲዲኤ 2030 የተባለውን አይሲ እንውሰድ። በፕላስና ማይነስ 14 ቮልት ሲሠራ ለ4 ኦም 14 ዋት፣ ለ8 ኦም ደግሞ 9 ዋት ያህል ይሰጣል። ልዩነቱ በዴሲቤል (በድምፅ መጠን መለኪያ) ሲሰላ 2 ያህል ነው፤ ይህን ያህሉን ጆሮ ልብ ብሎ ካላዳመጠ አይለየውም። ስለዚህ ባለ 8 ኦሙ በስህተት ቢመረጥ የሚያስከፍለው ጥቂት ነው፤ ባለ 4 ኦሙ በስህተት ቢመረጥ አምፕሊፋየሩን ሊያስከፍል ይችላል። ይህ ሁሉ ቱቦ (እንደ ድሮ ሬዲዮ ያለ የመስታወት ቫኪዩም ቲዩብ) ለሌለው አምፕሊፋየር ነው። ቱቦ ያለበት ከሆነ ኦሙ በትክክል መግጠም አለበት፤ ያለ ስፒከርም ፈጽሞ መከፈት የለበትም፤ የመውጫ ትራንስፎርመሩ ሊቃጠል ይችላልና።

ሁለተኛው ማረጋገጫ ብዙ ሰው የሚዘለው ነው። ወደ ስፒከር መሄድ ያለበት የሚወዛወዝ የድምፅ ሞገድ ብቻ ነው። የመውጫው ትራንዚስተር ወይም አይሲ ሲበላሽ ግን ዲሲ ቮልቴጅ ሳይወዛወዝ በቀጥታ ወደ ስፒከሩ ይገባል። 12 ቮልት ዲሲ 6 ኦም በሆነ ጥቅልል ውስጥ ሲያልፍ 24 ዋት ሙቀት ያመነጫል፤ ያውም ያለ ፋታ፣ ወረቀቱም ተንቀሳቅሶ አየር ሳያበርደው። አዲሱ ስፒከር በዚህ ዓይነት ድምፅ ሳያሰማ በደቂቃዎች ውስጥ ይቃጠላል። ስለዚህ ስፒከሩ እንደተነቀለ፣ የድምፅ ቁልፎቹን ሁሉ ዜሮ ላይ አድርገው አምፕሊፋየሩን (ቱቦ የሌለው ከሆነ ብቻ) ያብሩና ወደ ስፒከሩ ይሄዱ በነበሩት በሁለቱ ሽቦዎች መካከል ቴስተሩን ዲሲ ቮልት ላይ አድርገው ይለኩ። በሚሊቮልት የሚቆጠር፣ ከ100 የማይበልጥ ንባብ ጤናማ ነው። ቮልት ቤት ከገባ አዲስ ስፒከር መግጠም ቀርቶ ማሰብም የለብዎትም፤ መጀመሪያ የሚጠገነው አምፕሊፋየሩ ነው። አንዱን የቴስተር ጫፍ ከብረት አካሉ ጋር አያገናኙ፤ በአንዳንድ አምፕሊፋየሮች የስፒከሩ ማይነስ በሬዚስተር በኩል ስለሚያልፍ በቀጥታ ከብረቱ ጋር የተገናኘ አይደለም። ክዳኑ ተከፍቶ ኤሌክትሪኩ ሲሰካ በማብሪያውና በትራንስፎርመሩ መግቢያ ላይ 220 ቮልት እንዳለም አይርሱ፤ ይህን የማያውቅ ሰው ልኬቱን ለባለሙያ ቢተው ይሻላል። ንባቡ ጤናማ ከሆነ ያ የቴፕ ስፒከር አሁን ጥቅም አለው፤ ድምፁን ዝቅ አድርገው ቢገጥሙት አምፕሊፋየሩ ደህና መሆኑን በጆሮዎ ይሰማሉ።

አሁን ወደ 200 ዋቱ እንመለስ። በስፒከር ላይ የሚጻፈው ዋት ስፒከሩ ሳይቃጠል የሚችለውን ኃይል ይናገራል፤ የሚያወጣውን ድምፅ አይናገርም። ሃያ ኩንታል የሚጭን መኪና ስለገዛን ቤታችን እህል አይበዛም። በዚያ ላይ በመኪና ስፒከሮች ላይ በትልቁ የሚታተመው ቁጥር ብዙ ጊዜ ለቅጽበት የሚቻለው ከፍተኛው ኃይል ነው፤ ሳይቋረጥ የሚችሉት ዋት ከዚያ በጣም ያነሰ ነው። ጩኸቱን የሚወስነው ሴንሲቲቪቲ የሚባለው ልኬት ነው፦ 1 ዋት ተሰጥቶት 1 ሜትር ርቀት ላይ ስንት ዴሲቤል ያሰማል? ለጊታር የሚሠሩ ባለ 8 ኢንች ስፒከሮች ብዙዎቹ በ93 እና በ96 መካከል ይገኛሉ፤ የመኪና ስፒከሮች ደግሞ ብዙውን ጊዜ ከ90 በታች ናቸው። አንዱ 95፣ ሌላው 88 ቢሆን ልዩነቱ 7 ዴሲቤል ነው፤ ይህም የኃይል አምስት እጥፍ ማለት ነው። የእርስዎ 15 ዋት በ95ቱ ስፒከር የሚሰጠውን ድምፅ በ88ቱ ለማግኘት 75 ዋት አምፕሊፋየር ያስፈልግዎታል። እንግዲህ «200 ዋት» የተባለው ስፒከር ከአሮጌው ይልቅ ዝግ ብሎ ቢሰማዎት አይገረሙ። የባለ 4 ኦም ስፒከር ሴንሲቲቪቲ ደግሞ አንዳንድ ጊዜ በ1 ዋት ሳይሆን በ2.83 ቮልት ተለክቶ ይጻፋል። ያ ለ4 ኦም 2 ዋት ስለሆነ ከቁጥሩ ላይ 3 ዴሲቤል መቀነስ ያስፈልጋል።

ዋቱ ጨርሶ አይታይ ማለቴ አይደለም። 15 ዋት አምፕሊፋየር እስከ ጥግ ተከፍቶ የሞገዱ ጫፍ ሲቆረጥ እስከ እጥፍ የሚደርስ ኃይል ሊያወጣ ይችላል፤ በዳሱ ውስጥ የደረሰውም ይኸው ይመስለኛል። ስለዚህ የአምፕሊፋየሩን ዋት አንድ ተኩል እስከ ሁለት እጥፍ የሚችል፣ ማለትም ከ20 እስከ 30 ዋት የሚል ስፒከር ለእርስዎ ይበቃል። ከዚያ በላይ መሄድ ጉዳት ባይኖረውም ትርፍ ክብደት ነው።

የድምፁ ጠባይም ሌላ ምክንያት ነው። የጊታር ወፍራሙ ክር 82 ኸርዝ አካባቢ ይጀምራል፤ የጊታር ስፒከር ደግሞ ከ5000 ኸርዝ በላይ ያለውን አውቆ ይተወዋል። ዲስቶርሽን (ድምፁን ሆን ብሎ የሚያሻክረው) ሲከፈት የሚፈጠረው የላይኛው ጩኸት የሚጣራው በዚህ መተው ነው። የመኪናው ስፒከር ትዊተር (ቀጭኑን ድምፅ የሚያወጣ ትንሽ ስፒከር) ስላለው ያንን ሁሉ አንድም ሳያስቀር ያወጣዋል፤ ጆሮ ይወጋል። ለክራር ነገሩ ትንሽ ይለያል። ክራር በንጹሕ ድምፅ ስለሚደረደር ትዊተሩ ያን ያህል አይጎዳውም፤ እንዲያውም ክሩ ሲነካ የሚሰማውን ጥርት ያለ ድምፅ ያጎላዋል። ጓደኛዎ ክራሩ በአዲሱ ስፒከር ትንሽ ደብዘዝ አለብኝ ቢሉ የትሬብሉን ቁልፍ ከፍ ያድርጉላቸው። አምፕሊፋየሩ ለክራር ብቻ ቢሆን ኖሮ ጥሩ ባለ ወረቀት ሙሉ ድምፅ ስፒከር ፈልጉ እል ነበር፤ ዋናው ባለቤት ጊታር ስለሆነ ግን ምርጫዬ አይቀየርም።

ለዘመድዎ ከመንገርዎ በፊት ሳጥኑን ይለኩ። «8 ኢንች» የሚባለው የስፒከሩ የውጭ ክፈፍ ስፋት ሲሆን 20 ሴንቲ ሜትር ያህል ነው፤ የኮምፔንሳቶው ቀዳዳ ግን 18 ሴንቲ ሜትር አካባቢ ይሆናል። የብሎኖቹ ቀዳዳ ስንት እንደሆነ፣ ፊት ለፊት የሚተያዩት ሁለቱ በምን ያህል እንደሚራራቁ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ከእንጨቱ እስከ ትራንስፎርመሩ ያለው ጥልቀት ስንት እንደሆነ ይመዝግቡ። የአዲሱ ማግኔት ከአሮጌው ወፍራም ሆኖ ክዳኑ አልዘጋ የሚልበት ጊዜ አለ። ሳጥኑ ቺፑድ ከሆነ የእንጨት ብሎን በክብደት ስለሚለቅ ባለ ዳዶ ብሎን ያስገቡ።

በስም ለመጠየቅ ከፈለጉ ሴለሽን የተባለው ስፒከር ሠሪ «ኤይት 15» የሚባል ባለ 8 ኢንች 15 ዋት አለው፤ ይህ ከአምፕሊፋየርዎ ጋር እኩል ስለሆነ በቤት ለሚጫወት እንጂ ዳስ ውስጥ እስከ ጥግ ለሚከፍት ሰው አልመርጠውም። የጄንሰን «ሞድ 8-20» 20 ዋት ይችላል፤ ለእርስዎ እሱን አስቀድማለሁ። አንድ ሞዴል በተለያየ ኦም እንደሚሸጥ ግን ልብ ይበሉ። ስሙን ብቻ ነግረው ኦሙን ከረሱ መመለሻ የሌለው ዕቃ ከውጭ አገር ድረስ ይመጣልዎታል። ዘመድዎ «ለምን ሙሉ አምፕሊፋየር አላመጣም» ካሉና የሚመጡት ከአሜሪካ ከሆነ፣ የዚያ አገር ዕቃ በ120 ቮልት እንደሚሠራ ያስታውሷቸው።

ሲገጥሙ ሽቦዎቹን እንደ ምልክትዎ ይመልሱ። ምልክቱ ከጠፋ 1.5 ቮልት የሰዓት ድንጋይ ለአፍታ ስፒከሩን ሲነካ ወረቀቱ ወደ ፊት ከወጣ የድንጋዩ ፕላስ የነካው ጫፍ የስፒከሩ ፕላስ ነው፤ ስፒከሩ አንድ ብቻ ሲሆን መገለባበጡ በድምፁ ላይ የሚያመጣው የሚሰማ ለውጥ የለም። ብሎኖቹን በመስቀል ቅደም ተከተል፣ እያንዳንዱን ጥቂት ጥቂት እያደረጉ ያጥብቁ፤ አንዱን ጎን ቀድሞ ማጥበቅ ክፈፉን አጣሞ ጥቅልሉን ያፋትገዋል። አዲስ ስፒከር መጀመሪያ ላይ ድርቅ ያለ ድምፅ አለው፤ ለተወሰኑ ሰዓታት በመካከለኛ ድምፅ ከተጫወቱበት በኋላ ይላላል፤ ስለዚህ በመጀመሪያው ቀን አይፍረዱበት።

ለሚቀጥለው ሰርግ ደግሞ አምፕሊፋየሩን እስከ ግማሽ ብቻ ከፍተው ከስፒከሩ ፊት ጥቂት ሴንቲ ሜትር ርቀት ላይ ማይክራፎን ያቁሙና ድምፁን በሞንታርቦው በኩል ያስወጡት። ዳስ ሙሉ ሰው በ15 ዋት ለማስጨፈር መሞከር እንዲህ ያለውን ባለ 8 ኢንች ስፒከር ሊያቃጥል ይችላል፤ የጄንሰኑንም ቢሆን።