ስልክሽ ቀለም አይምረጥልሽ

እህቴ፣ ደብዳቤሽን ደጋግሜ አነበብኩት። ያንቺን ጥያቄ ብዙ ወጣት ሠዓሊዎች ስለሚያነሱት፣ ስምሽን ሳልጠቅስ እዚሁ ብመልስልሽ ይሻላል ብዬ ነው።

ነገሩ ባጭሩ እንዲህ ነው። አምና ከአለ የሥነ ጥበብና ዲዛይን ትምህርት ቤት ተመርቀሻል። የምትሠሪው ትልልቅ አብስትራክት ነው፣ ማለትም ሰውን ወይም ዕቃን አስመስሎ የማያሳይ ሥዕል፤ ከአሮጌ ቆርቆሮ የፋቅሽውን ዝገት ከሙጫ ጋር አዋህደሽ ሸራ ላይ ትቀቢያለሽ። አንድ ቀን እንዲያው ለጨዋታ የአንድ ታዋቂ ዘፋኝ ፊት በከሰል ሳልሽና ቪዲዮውን ቲክቶክ ላይ ለጠፍሽ። ሰው ጎረፈ። ከዚያ ወዲህ ኢንቦክስሽ "የእናቴን ፎቶ ሳዪልኝ" በሚሉ መልእክቶች ተሞልቷል፣ የዝገት ሥራሽን ስትለጥፊ ግን ዝም ጭጭ። ጓደኞችሽ "በየቀኑ ለጥፊ" ይሉሻል። አንድ የጋለሪ ሰው ደግሞ ሥራሽን ሳያይ "ስንት ተከታይ አለሽ?" ብሎ ጠየቀሽ። አንቺም "ራሴን እየሸጥኩ ነው ወይስ እየኮራሁ?" ብለሽ ጻፍሽልኝ።

ሁለቱም አይደለም። እኔን ያሳሰበኝ መጨረሻ ላይ እግረ መንገድሽን የጣልሻት አንዲት መስመር ናት። ሸራዬን ማሳነስ ጀመርኩ ብለሻል፣ ቀለሙንም ማድመቅ፣ "ስልክ ላይ እንዲታይ" ብለሽ። ችግሩ እዚህ ጋ ነው።

መለጠፉ ችግር የለውም። ልታይ ልታይ ማለት ነውር ነው እየተባልን ነው ያደግነው፣ ስለዚህ ሥራሽን ባሳየሽ ቁጥር አንገትሽን ቢያስደፋሽ አይገርመኝም። ግን ሥራን ለሰው ማሳየት ከስልክ ጋር የመጣ ነገር አይደለም። ሠዓሊው አፈወርቅ ተክሌ ቪላ አልፋ የሚባለውን ቤቱንና ስቱዲዮውን ራሱ ነድፎ ሠርቶ፣ እንግዳ ሲመጣ ራሱ እያዞረ ያስጎበኝ ነበር። ገብረ ክርስቶስ ደስታን ደግሞ አስቢው። ኮሎኝ፣ ጀርመን ተምሮ በ1960ዎቹ መጀመሪያ (እ.ኤ.አ.) ወደ አዲስ አበባ ሲመለስ ይዞት የመጣው አብስትራክት ለብዙ ተመልካች እንግዳ ነበር፤ የኢትዮጵያ ሥዕል አይደለም ያሉትም ነበሩ። ኤግዚቢሽን አሳየ፣ አስተማረ፣ ግጥምም ጻፈ። አልተደበቀም። የሥዕሉን መንገድ ግን ተመልካቹ ቶሎ እንዲወድለት ብሎ አላጠፈውም። ዛሬ አዲስ አበባ ውስጥ የዘመናዊ ጥበብ ሙዚየም በስሙ ይጠራል።

እንግዲህ ላንቺ የማወጣልሽ ሕግ አንድ ብቻ ነው። ስልኩ የሚገባው ሥራው ካለቀ ወይም መንገዱን ከያዘ በኋላ ነው። ምን እንደምትሠሪ፣ በምን ያህል መጠን፣ በምን ቀለም፣ ያንን ስልኩ አይወስንም። ሸራ እየወጠርሽ "ይሄ ቪው ያመጣ ይሆን?" የሚል ሐሳብ ከመጣብሽ ስልኩን ሌላ ክፍል አስቀምጪው። የምሬን ነው፣ ሌላ ክፍል።

ደግሞ ቪው ምን እንደሆነ በደንብ እንተዋወቅ። ቲክቶክ ለቪዲዮ ዕይታ የሚከፍልበት ፕሮግራም ለተወሰኑ አገሮች ብቻ የተከፈተ ነው፣ ኢትዮጵያ የለችበትም። ስለዚህ ያ ሁሉ ሕዝብ አይቶሽ ኪስሽ ውስጥ የገባ ነገር የለም። ያየውም ሰው የመጣው ለዘፋኙ ፍቅር ነው፣ ላንቺ እጅ አይደለም። አልጎሪዝሙ፣ ማለትም የትኛው ቪዲዮ ለማን እንደሚታይ የሚመርጠው የቲክቶክ ሥርዓት፣ ደግሞ ያንን ሕዝብ ነው ያንቺ ሰው ብሎ የመዘገበው፤ ዝገቱን ሲያሳየው ጣቱን አንሸራቶ ያልፋል። ይህ የሚነግርሽ ተመልካቹ ማን እንደሆነ ነው፣ ሥራሽ ደካማ ስለመሆኑ ግን ምንም አይነግርሽም።

ቪዲዮውን ታጥፊው? አታጥፊው። የፊት ሥዕል መሳል እንጀራ ነው፣ የሚያሳፍርም አይደለም፣ የስቱዲዮ ኪራይ በዝገት ብቻ አይከፈልም። ግን ለይው። ለፊት ሥዕሉ ሌላ ገጽ ክፈቺ፣ ዋጋውን ቁርጥ አድርገሽ ጻፊ፣ ቀብድ ሳትቀበዪ ከሰል አታንሺ፣ በሳምንት የምትሠሪበትን ቀን ወስኚ። ቀሪው ቀን የትልቁ ሸራ ነው።

በራስሽ ስም ያለው ገጽ ላይ ደግሞ ብዙ አትልፊ። ሥራውን መስኮት አጠገብ፣ ፀሐይ በቀጥታ በማይመታበት፣ ያለ ፍላሽ አንሺው። ስልኩን ከሸራው መሃል ጋር አስተካክለሽ ያዢ፣ አለበለዚያ አራቱ ጠርዝ ይጣመማል። ከሥሩ ርዕሱን፣ በምን እንደተሠራ፣ ቁመትና ስፋቱን በሴንቲ ሜትር፣ ዓመቱን ጻፊ። ገዢም ሆነ ኤግዚቢሽን አዘጋጅ መጀመሪያ የሚጠይቀው ይህንን ነው፣ ብዙዎቻችሁ ደግሞ የምትረሱት ይህንኑ ነው።

ከዚያ ቀርበሽ ቅረጪ። የኢትዮጵያዊውን ሠዓሊ የኤልያስ ስሜን ሥራዎች ስልክ ላይ ያየ ሰው ጥልፍ ወይም ከአውሮፕላን የተነሳ መሬት ሊመስለው ይችላል፤ ቀርቦ ሲያይ ነው የተጠላለፈ የኤሌክትሪክ ሽቦና የአሮጌ ኮምፒውተር አካል መሆኑ የሚገባው። ያንቺም ዝገት እንደዚያው ነው። ከሩቅ ቡናማ ቀለም ነው። ቆርቆሮውን በሽቦ ብሩሽ ስትፍቂ፣ ዱቄቱ ጋዜጣ ላይ ሲረግፍ፣ ሙጫው ሲደርቅ ላዩ እንደ ክረምት ማግስት መሬት ሲሰነጣጠቅ አሳዪ። ድምፁን ተዪው፣ ዘፈን አትደርቢበት። በወር ሁለት እንዲህ ያለ ነገር ከለጠፍሽ ይበቃል። የሚቆሙት ጥቂት ይሆናሉ፣ ግን ለዝገቱ የቆሙ ናቸው። ከነሱ ውስጥ ለጠየቀሽ ሁሉ መልስ ስጪ፣ ስቱዲዮ ጋብዢ። ሥዕል የሚሸጠው በአብዛኛው ሰው ለሰው ሲያወራ ነው። የሌሎች ኤግዚቢሽን መክፈቻ ላይ ተገኚ፣ የትምህርት ቤት መምህሮችሽን አትራቂ፣ በፈረንሳዩ የባህል ማዕከል በአሊያንስም፣ በጀርመኑ በጎተም ዝግጅት ሲኖር ብቅ በዪ። ይህ ከአንድ ወር ቪዲዮ የበለጠ ያመጣልሻል፣ እርግጠኛ ነኝ።

አንድ ነገር ደግሞ ሕጉን እወቂ። በቅጂ መብት አዋጅ ቁጥር 410/1996 መሠረት ሸራውን ስለሸጥሽ ብቻ የቅጂ መብቱ ከሸራው ጋር ለገዢው አይተላለፍም። አንድ ድርጅት ሥዕልሽን ማስታወቂያ ላይ ላውጣ ቢልሽ፣ "ለፕሮሞሽን ይጠቅምሻል" በሚል ብቻ እሺ አትበዪ። በጽሑፍ ይሁን፣ ይከፈልበት።

የጋለሪውን ሰው በተመለከተ ብዙ አትናደጂበት፤ መሸጥ የሱም ጭንቀት ነው። የተከታዮችሽን ቁጥር ንገሪውና የስድስት ሥራ ፎቶ ከነመጠናቸው ላኪለት። ከሽያጩ ስንት በመቶ እንደሚወስድ፣ ሥራው እሱ ጋ ስንት ጊዜ እንደሚቆይ፣ ሲሸጥ በስንት ቀን እንደሚከፍልሽ ጠይቂው። ግማሹን የሚወስዱ ስላሉ እንዳትደነግጪ። ፎቶዎቹን አይቶም ስለ ተከታይ ብቻ ካወራ ሌላ ጋለሪ ሂጂ። ትልቁን ሸራ ግን በመጀመሪያው መጠኑ መልሰሽ ወጥሪው።