«2016» የየትኛው ዘመን ነው? ስለ ጎማ የተላኩልን ጥያቄዎች

ጥያቄ፦ መንጃ ፈቃድ ካወጣሁ አምስት ወሬ ነው። ያገለገለች ቪትዝ ገዝቼ የፊት ጎማዎቿ አልቀው ስለነበር ሁለት ጎማ ገዛሁ። ሻጩ ጎማው ላይ «3516» የሚል ቁጥር አሳይቶኝ «የ2016 ምርት ነው፣ ገና ትኩስ ነው» አለኝ። ጥርሱም ምንም አልተነካም። የገጠመልኝ ጎሚስታ ግን አገላብጦ አይቶ «ይሄ ደርቋል» አለኝ። ማንን ልመን? (አንባቢ፣ ከሐዋሳ)

መልስ፦ ጎሚስታውን ይመኑ። በጎማው ጎን ላይ «ዲ ኦ ቲ» (DOT) ከሚሉት ፊደላት ቀጥሎ የሚመጣው ረጅም ጽሑፍ የሚያልቀው በአራት አኃዞች ነው፤ የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ጎማው የተመረተበትን ሳምንት፣ የመጨረሻዎቹ ሁለቱ ዓመቱን ይነግራሉ። ስለዚህ «3516» ማለት የ2016 35ኛ ሳምንት ነው፤ ነገር ግን ይህ 2016 የፈረንጆቹ እንጂ የእኛ አይደለም። ወደ እኛ አቆጣጠር ሲመለስ ነሐሴ 2008 ዓ.ም. ማብቂያ ላይ ይውላል። ጎማው በእርግጥ በእኛ 2016 ተመርቶ ቢሆን ኖሮ ቁጥሩ የሚያልቀው በ23 ወይም በ24 ነበር። ሻጩ አውቆ አታልሎዎት ይሁን ወይም እሱም ተሳስቶ፣ መፍረድ አልችልም፤ ሁለት አቆጣጠር በምንጠቀምበት አገር ይህ ስህተት በቀላሉ የሚፈጠር ሲሆን፣ ዋጋው ግን ከሰባት ዓመት የሚበልጥ የጎማ ዕድሜ ነው።

ጥርሱ አለመነካቱ አያጽናናዎት። ጎማ በመንገድ ብቻ ሳይሆን በመጋዘን ተቀምጦም ያረጃል፤ አየሩ፣ ሙቀቱና ፀሐዩ ላስቲኩን ቀስ በቀስ ያደርቁታል፣ በውስጡ ያለው የብረት ሽቦ መረብና ላስቲኩም የተጣበቁበት ኃይል ይላላል። እንዲህ ያለ ጎማ ከተማ ውስጥ በዝግታ ሲነዳ ምንም ላይታይበት ይችላል፤ በረጅም መንገድ ላይ ሲፈጥንና ሲግል ግን ጥርስ ያለው ክፍል ከሥሩ ተገሽልጦ ሊወጣ ይችላል። ብዙ የጎማ አምራቾች ጎማ አምስት ዓመት ካገለገለ በኋላ በየዓመቱ በባለሙያ እንዲታይ፣ ከተመረተ 10 ዓመት ሲሞላው ደግሞ ጥርሱ ምንም ያህል ቢቀረው እንዲለወጥ ይመክራሉ። ለአገራችን ፀሐይ ይህም ቢሆን ለጋስ ቁጥር ነው ብዬ አምናለሁ።

ጎሚስታው ያየውን እርስዎም ማየት ይችላሉ። ጠዋት፣ ፀሐይ ጎማው ላይ በአግድም ስታርፍ፣ ጎንበስ ብለው በፊደላቱ ዙሪያና በጥርሶቹ መካከል ባለው ቦይ ሥር ይመልከቱ። ጤነኛ ላስቲክ ጥፍር ሲጫኑት እሺ ይልና ይመለሳል፤ የደረቀው ግን እንደ ቀንድ ይጠነክራል፣ ላዩም ውኃ እንደሸሸው ጭቃ በቀጫጭን ስንጥቅ ይሞላል። የምርት ቁጥሩ ብዙ ጊዜ በአንደኛው ጎን ብቻ ስለሚጻፍ ከውጭ ካጡት ከውስጥ በኩል ይፈልጉት። አሁን የሚያደርጉት ጎማዎቹን ይዘው ወደ ሻጩ መመለስ ነው፤ ከእንግዲህም ጎማ ሲገዙ ቁጥሩን ገንዘብ ከመክፈልዎ በፊት ራስዎ ያንብቡ።

ሳልጠየቅ አንድ ነገር ልጨምር። ሁለት አዲስ ጎማ ብቻ ሲገዙ አዲሶቹ ከኋላ ቢገቡ ይሻላል። ሰው ሁሉ ከፊት ማድረግ ይወዳል፤ ነገር ግን በክረምት እርጥብ አስፋልት ላይ የፊት ጎማ ቢንሸራተት መሪው ስለሚቀልዎት ያውቁታል፣ ፍጥነት በመቀነስም ሊመልሱት ይችላሉ። የኋላው ሲንሸራተት ግን መኪናው በራሱ ዙሪያ ይሽከረከራል፤ ያንን መልሶ መያዝ ለአዲስ አሽከርካሪ ቀርቶ ለነባሩም ከባድ ነው።

ጥያቄ፦ ለበዓል ከአዲስ አበባ ወደ ድሬዳዋ ቤተሰብ ይዤ ልሄድ ነው። በጭነት መኪና ሾፌርነት የኖሩት አባቴ «ቆላ ስትወርድ ነፋስ ቀንስ፣ በሙቀት ይፈነዳብሃል» ብለውኛል። ምን ያህል ልቀንስ? (አንባቢ፣ ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ ምንም አይቀንሱ። የአባትዎን ልምድ አከብራለሁ፤ ምክሩም በሾፌሮች ዘንድ ለብዙ ዘመን የኖረ ነው። ፍራቻቸውም ትክክል ነው፣ ጎማ በሙቀት ይፈነዳል። ሆኖም ከውጭ አየር ይልቅ ጎማውን በብርቱ የሚያግለው የነፋስ ማነስ ነው።

ነፋሱ ያነሰ ጎማ መሬት በነካ ቁጥር ጎኑ ይታጠፋል፣ ከመሬት ሲለቅ ይዘረጋል። የቪትዝ ያህል ጎማ ያላት መኪና በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር ስትጓዝ እያንዳንዱ ጎማ በሴኮንድ 15 ጊዜ ያህል ይዞራል። ሽቦ ይዘው በፍጥነት ደጋግመው ቢያጥፉት መታጠፊያው ጣት እስኪያቃጥል እንደሚግል ሁሉ፣ የጎማው ጎንም በአዳማው የፍጥነት መንገድ ላይ አንድ ሰዓት ሙሉ እንዲሁ ሲታጠፍ ይግላል። በዚያ ላይ አምስት ሰውና ሻንጣ፣ በመልስም በመንገድ የተገዛ ከሰል ይጨመራል።

ቁልቁል ሲወርዱ ደግሞ የውጭ አየር ግፊት ስለሚጨምር፣ ከአዲስ አበባ ከፍታ ወደ አዋሽ ሲደርሱ መለኪያው 2 ፒ ኤስ አይ (የጎማ ነፋስ ግፊት የሚለካበት አሃድ) ያህል ቀንሶ ማንበብ ነበረበት፤ የቆላው ሙቀት ግን የዚህን ያህል ወይም ከዚያ ጥቂት የሚበልጥ መልሶ ይጨምራል። ሁለቱ በአብዛኛው ይካካሳሉ። በጉዞ ላይ ጎማው ሲግል 4 ወይም 5 ፒ ኤስ አይ መጨመሩም የሚጠበቅ ስለሆነ፣ አዋሽ ላይ ቆመው ለክተው «በዛ» ብለው አያስተንፍሱት።

ትክክለኛው ልክ የሚገኘው በሾፌሩ በር በኩል፣ በሩ ሲከፈት በሚታየው ምሰሶ ላይ በተለጠፈው ወረቀት ነው። ጎማው ላይ የተጻፈው ከፍተኛ መጠን ጎማው የሚችለው ጣሪያ ስለሆነ እሱን አይሙሉ። ከጃፓን የመጣ መኪና ከሆነ ወረቀቱ በጃፓንኛ ቢሆንም ቁጥሩ ይነበባል፤ 220 ከተጻፈ ሌላው የግፊት መለኪያ፣ ኪሎ ፓስካል ነው፣ ይህም 32 ፒ ኤስ አይ ያህል ይሆናል። ለሙሉ ጭነት የተለየ ቁጥር ካለ ለዚህ ጉዞ እሱን ይውሰዱ። የሚለካው ጠዋት፣ መኪናው አድሮ ጎማው ሳይሞቅ ነው። ነፋስ የሚሞላው ልጅ «ስንት ላድርገው?» ሲልዎት «እንደ ሁልጊዜው» አይበሉት፤ ቁጥሩን ይንገሩት።

ጥያቄ፦ ጎማዬን ምስማር ወጋው፤ ቲዩብለስ (ያለ ካላማዳሪ የሚሠራ) ነው። ጎሚስታው ካላማዳሪ፣ ማለትም ነፋስ የሚይዘውን የውስጥ ላስቲክ፣ አስገባልኝ። ችግር አለው? (አንባቢ፣ ከባሕር ዳር)

መልስ፦ አለው። ካላማዳሪ ከቲዩብለስ ጎማ ውስጠኛ ግድግዳ ጋር እየተፋተገ ይግላል፣ ሲበሳም ነፋሱ በአንድ ጊዜ ይወጣል። ቲዩብለስ ምስማር ሲወጋው ቀስ እያለ መተንፈሱ ትልቅ ጥቅሙ ነበር። ቀዳዳው ጥርሱ ባለበት ክፍል ላይ ከሆነ ጎማው ከቸርኬው ወልቆ ከውስጥ ይለጠፍ፤ በጎኑ ላይ የተበሳ ወይም ያበጠ ጎማ ግን አይጠገንም፣ ይጣላል። ሲወልቅ አጠገቡ ይቁሙና እጅዎን ወደ ውስጥ ይስደዱ፤ ጥቁር የላስቲክ ዱቄት ከወጣ ጎማው ተንፍሶ ሳለ ተነድቶ ውስጡ ተፈጭቷል ማለት ነውና መለጠፍ አያድነውም።

ጥያቄ፦ መንገድ ላይ ብቻዬን ጎማ መቀየር እፈራለሁ። ከምን ልጀምር? (አንባቢ፣ ከአዳማ)

መልስ፦ በመጀመሪያ አንድ ቅዳሜ ግቢዎ ውስጥ ይለማመዱት፤ ስኮርታው (ተጠባባቂው ጎማ) ነፋስ እንዳለውና ክሪኩ (መኪና ማንሻው) እንደሚሠራም ያን ጊዜ ያውቃሉ። መንገድ ላይ ሲሆን ከአስፋልቱ ወጥተው ደልዳላ ቦታ ይቁሙ፣ የእጅ ፍሬን ይያዙ፣ ሦስት ማዕዘኑን ምልክት ራቅ አድርገው ያኑሩ፣ ከሚነሣው ጎማ በሰያፍ ትይዩ ያለውን ጎማ ከፊትና ከኋላ በድንጋይ ያስደግፉ። ቡሎኖቹን መኪናው መሬት ላይ እያለ ላላ ያድርጉ፣ ከዚያ በክሪክ ያንሡ፤ በክሪክ ብቻ በተያዘ መኪና ሥር እጅም እግርም አይገባም። መልሰው ሲያስሩ በዙሪያ ቅደም ተከተል ሳይሆን ትይዩ ትይዩውን ያጥብቁ፣ የመጨረሻውን ኃይል መኪናው መሬት ከነካ በኋላ ይስጡ፣ ከ50 እስከ 100 ኪሎ ሜትር ከነዱ በኋላም ቆመው ደግመው ይፈትሹ። ከመነሣትዎ በፊት ያስደገፉበትን ድንጋይ ከመንገዱ አርቀው ይጣሉ፤ ሌሊት የሚመጣው ሰው አያየውም።